ሰደርያው የሚያቆመው የትኛውን ጥይት ነው?

በወለጋ ከተሞች ጥበቃ የሚቀጥሩ ባንኮች፣ ነጋዴዎችና ድርጅቶች ከዋጋው በፊት ሊያነሱት የሚገባ ጥያቄ

ነቀምቴ ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ በባንክ በር የቆመ ጥበቃ ከሩቅ ይለያል። ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ብርዱ ሲጠና ከላዩ ጋቢ ይደረብበታል። እግሩ ላይ ከስክስ ጫማ፣ ትከሻው ላይ ክላሽ ወይም ዕድሜ የጠገበ ጠመንጃ አለ። ኪሱ ውስጥ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ይገኛሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብርድ የሚከላከል አለ፤ ጭቃ የሚከላከል አለ፤ ጨለማ የሚከላከል አለ። ጥይት የሚከላከል ግን ብዙውን ጊዜ የለም።

ጉዳዩ የአለባበስ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋና በቄለም ወለጋ በሁለት ቀናት ውስጥ ከ10 በላይ የባንክ ቅርንጫፎች በታጠቁ ሰዎች ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በመንግሥት ኃይሎችና መንግሥት «ሸኔ» በሚለው፣ ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ በሚጠራው ቡድን መካከል የተካሄደው ውጊያ፣ ከአማራ ክልል በሚዋሰኑት ወረዳዎች ደግሞ ሌሎች ታጣቂዎች ጭምር የተሳተፉባቸው ግጭቶች የወለጋን የንግድ መንገዶች ደጋግመው ዘግተዋል። ከነቀምቴ ተነስቶ በኡኬና በአንገር ጉትን በኩል ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ የሚደርሰው መንገድ አንዱ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ታንዛኒያ ላይ የተካሄዱት ሁለት ዙር ድርድሮችም ያለ ስምምነት ተበትነዋል።

በእንዲህ ያለ አካባቢ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው «ጥይት የማይበሳው ሰደርያ» የሚል ስም ሲሰማ ጆሮውን ቢያቆም አያስገርምም። ዕቃው በውጭ አገር መሸጫዎች እንደ ጫማ በፎቶግራፍ ተደርድሮ፣ በቀለምና በመጠን ተከፋፍሎ ይታያል። ስሙ ግን አሳሳች ነው። ማንኛውም ጥይት የማይበሳው ሰደርያ በዓለም ላይ የለም። የሚሸጠው ሁሉ የተወሰነ ዓይነት ጥይትን፣ በተወሰነ ፍጥነት፣ ለተወሰኑ ዓመታት የሚያቆም ነው። ስለዚህ የገዥው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «የትኛውን ያቆማል?» መሆን ይኖርበታል።

ሽጉጥና ክላሽ

በሰፊው የሚታወቀው ባለ 9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት ክብደቱ 8 ግራም ገደማ ሲሆን ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 360 ሜትር ያህል ይጓዛል። የክላሽንኮቭ ጥይትም ክብደቱ ከዚያው ከ8 ግራም ብዙ አይርቅም። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 715 ሜትር ነው። ክብደቱ እኩል ሆኖ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በቁጥር ሲቀመጥ የሽጉጡ 500 ጁል፣ የክላሹ 2,000 ጁል አካባቢ ነው። ከአያት የተወረሰው ምንሽር እንኳ በዕድሜው ቢናቅም ጥይቱ ረጅም፣ ባሩዱም ብዙ በመሆኑ ከክላሹ የበለጠ ጉልበት አለው።

ለስላሳ የሚባለው ሰደርያ አራሚድ ከተባለ ክር ተሸምኖ፣ ጨርቁ በብዛት ተደራርቦ የሚሠራ ነው። አራሚዱ ይበልጥ የሚታወቀው ኬቭላር በሚለው የንግድ ስሙ ሲሆን የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት የነበረችው ስቴፋኒ ክዎሌክ እ.ኤ.አ. በ1965 ያገኘችው ነው። ያን ጊዜ የታሰበው ለመኪና ጎማ ማጠናከሪያ ነበር። ጨርቁ ጥይቱን መረብ ዓሣ እንደሚይዝ ይይዘዋል፤ እርሳሱን ይጨፈልቀዋል፤ ጉልበቱንም በሰፊው ይበትነዋል። የሽጉጥ ጥይት በዚህ መንገድ ይቆማል። የጠመንጃ ጥይት ግን ሹልና ፈጣን በመሆኑ ክሮቹን ቀድዶ ያልፋል። ለስላሳ ሰደርያ ለብሶ በክላሽ ለሚመታ ሰው የሰደርያው ጥቅም ካፖርቱ ከሚሰጠው ብዙ አይበልጥም።

የወለጋ አደጋ ደግሞ በአብዛኛው ክላሽ ነው። ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ ከተማ ፖሊስ የተሠራው ሰደርያ የተሰላው በየመንገዱ ለሚገጥመው ሽጉጥ ነው። ያንኑ ዕቃ ገዝቶ ለጊምቢ፣ ለደምቢ ዶሎ ወይም ለኡኬ ጥበቃ ማልበስ ጃንጥላ ገዝቶ ጎርፍ እንደመጠበቅ ይቆጠራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰውየው የተከለለ መስሎት ራሱን ማጋለጡ ነው። ካፖርት ብቻ የለበሰ ጥበቃ ተኩስ ሲሰማ ከግድግዳ ጀርባ ይገባል። «ጥይት አይበሳኝም» ብሎ ያመነ ግን በሩ ላይ ሊቆም ይችላል።

«ኤ» ሁልጊዜ ከፍተኛ ማርክ አይደለም

በዓለም ገበያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው መለኪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ደረጃ መሠረት «ሁለት-ኤ»፣ «ሁለት» እና «ሦስት-ኤ» የሚባሉት ሽጉጥን፣ «ሦስት» እና «አራት» የሚባሉት ደግሞ ጠመንጃን የሚመለከቱ ናቸው። ገዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በትምህርት ቤት «ኤ» ከሁሉ የሚበልጥ ማርክ በመሆኑ «ሦስት-ኤ» ከ«ሦስት» የተሻለ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። «ሦስት-ኤ» ኃይለኛ የሽጉጥ ጥይቶችን ያቆማል፤ ለክላሽ ግን አይሆንም።

በቀድሞው ደረጃ ሌላም ክፍተት ነበር። «ሦስት» የሚለውን ምልክት ለማግኘት ሰሌዳው የሚፈተነው በኔቶ ባለ 7.62 በ51 ጥይት ብቻ ነበር። ይህ ጥይት ጉልበቱ ከክላሹ ይበልጣል። ነገር ግን የክላሹ ጥይት በብዛት የሚመጣው በውስጡ የብረት እምብርት ይዞ በመሆኑ ሰሌዳውን የሚወጋበት መንገድ ይለያል። ትልቁን ያቆመ ሰሌዳ ትንሹን ባለ ብረት ላያቆም የሚችልበት አጋጣሚ አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የወጣው አዲስ ደረጃ ይህንን አርሟል። የሽጉጦቹ ደረጃዎች «ኤች ጂ 1» እና «ኤች ጂ 2»፣ የጠመንጃዎቹ «አር ኤፍ 1»፣ «አር ኤፍ 2» እና «አር ኤፍ 3» ተብለዋል፤ ባለ ብረት እምብርቱ የክላሽ ጥይት ደግሞ በ«አር ኤፍ 1» መፈተኛ ጥይቶች ውስጥ ገብቷል። «አር ኤፍ 3» ብረት ለመብሳት ተብሎ ለተሠራ ጥይት ነው። ለወለጋ ገዥ እንግዲህ የሚፈለገው ዝቅተኛው ምልክት «አር ኤፍ 1» ነው። ቀድሞ የተመረተ «ሦስት» የሚቀርብለት ከሆነ ደግሞ አምራቹ በክላሽ ጥይት ለይቶ የፈተነበትን ማስረጃ መጠየቅ አለበት።

ፈተናውን ማለፍ ማለትም ለባሹ ምንም አይሆንም ማለት አይደለም። ሰደርያው የሚፈተነው በሸክላ ጭቃ ላይ ተደርጎ ሲሆን ጥይቱ ሳያልፍ ጭቃው ውስጥ የሚፈጥረው ጉድጓድ እስከ 44 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ይፈቀዳል። በሰው ደረት ላይ ይህ የጎድን አጥንት ሊሰብር የሚችል ምት ነው። በሕይወት የተረፈው ሰው ሐኪም ቤት መሄዱ አይቀርም።

የራስ ቁርም በዚሁ ዓይን መታየት ይኖርበታል። በብዛት የሚሸጡት ከአራሚድ የተሠሩ ቁሮች ፍንጣሪንና የሽጉጥ ጥይትን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው፤ ለቀጥተኛ የጠመንጃ ጥይት አይታመኑም። በከተማ ውስጥ በዱላ፣ በድንጋይና በጩቤ ለሚመጣ ሌባ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ለጩቤ የተሠራ ሰደርያ የራሱ ደረጃ አለው፤ ለስላሳው የጥይት ሰደርያ ሹል ጩቤን ያቆማል ተብሎ መወሰድ የለበትም።

ዕቃውን ገልጦ ማየት

በፎቶግራፍ የሚያማልለው ነገር ብዙ ኪስ፣ ብዙ ማሰሪያና ጥቁር ወይም የቅጠል ቀለም ያለው ማቀፊያ ነው። ማቀፊያው ግን ጨርቅ ነው። ለብቻው ይሸጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ለጨዋታና ለፊልም የሚሠራም አለ። ጥይት የሚያቆመው ውስጡ የሚገባው ፕሌት የሚባለው ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ማቀፊያ ብቻ ገዝቶ ሰደርያ የገዛ የሚመስለው ሰው ዝናር ያለ ጥይት እንደታጠቀ ነው።

ስለዚህ ገዥ ማቀፊያውን ከፍቶ ሰሌዳውን ማውጣት አለበት። በሰሌዳው በራሱ ላይ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ደረጃው፣ መለያ ቁጥሩ፣ የተመረተበት ቀንና ወደ ጥይቱ የሚዞረው ፊት የትኛው እንደሆነ መጻፍ ይኖርበታል። ማቀፊያው ላይ የተሰፋ ጽሑፍ ስለ ሰሌዳው ምንም አያረጋግጥም። የአሜሪካው ኢንስቲትዩት ያረጋገጣቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያወጣል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሞዴል «ደረጃውን ያሟላል» ቢባል የሻጩ ቃል ነው።

ሰሌዳዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። የሴራሚኩ ጥይቱን ይሰብራል፤ ነገር ግን እንደ ሸክላ ምጣድ ሲወድቅ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ደግሞ ከላይ አይታይም። ከፖሊኢትሊን ተጠቅጥቆ የሚሠራው ቀላል ነው፤ አንዱ ከሁለት ኪሎ በታች ይመዝናል። ሆኖም ከፍተኛ ሙቀት አይወድም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ጋቢና ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም፤ ባለ ብረት እምብርቱን ጥይት በተመለከተም ለይቶ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው። የብረቱ ሰሌዳ ርካሽና የማይሰበር ነው። ጥይቱ ግን ብረቱ ላይ ሲፈነዳ ፍንጣሪው ወደ አንገትና ወደ ክንድ ይበተናል።

እዚህ ላይ የጋራዥ ብልሃት ነገር መነሳቱ አይቀርም። ላሜራ ወይም የመኪና ባሌስትራ አስቆርጦ ጨርቅ ውስጥ መክተት በወጪ በኩል የሚማርክ ሐሳብ ነው። በዚህ መስክ የሚሠራበት ብረት በልዩ ሙቀት የጠነከረ ነው። ተራ ላሜራ በክላሽ ይበሳል። ሲበሳ ደግሞ የብረቱን ቁራጭ ከጥይቱ ጋር ይዞ ወደ ሰውነት ይገባል። ከምንም ይሻላል የማይባልበት ጊዜ አለ፤ ይህ አንዱ ነው።

የኡኬ ፀሐይ

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ነፋሻማ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን፣ በዚያው በጉቶ ጊዳ ወረዳ የምትገኘው ኡኬ ግን ቁልቁል ወደ አንገር ሸለቆ ከተወረደ በኋላ የምትገኝ ቆላ ናት። ሰሊጥና በቆሎ የሚበቅልበት አገር ነው። ሁለት የሴራሚክ ሰሌዳዎች፣ ከጀርባቸው የሚገባው ለስላሳ ጨርቅና ማቀፊያው ተደምረው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናሉ። ጠመንጃውና የጥይት ካዝናው ከዚህ ውጪ ነው። ይህንን ተሸክሞ ነቀምቴ ላይ ሌሊት መቆም አንድ ነገር ነው፤ ኡኬ ላይ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቆም ሌላ ነው። ደረትና ጀርባ ከተሸፈነ ላብ አይተንም፤ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ያልተነገረው ጥበቃ እኩለ ቀን ላይ ሰደርያውን አውልቆ ወንበር ላይ ያንጠለጥላል። የወለቀ ሰደርያ ደግሞ የማንንም ደረት አይጠብቅም። ሰደርያ ለቆላ ከተማ የሚገዛ ድርጅት ፈረቃውን ማሳጠር፣ ጥላና ውሃ ማዘጋጀት የዕቃው ዋጋ አካል መሆናቸውን አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ሙቀትና እርጥበት ሰውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ይጎዳሉ። ለዚህ ዓለም የማይረሳው ምሳሌ ዛይሎን የተባለው የጃፓን ክር ነው። ሴኮንድ ቻንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከኬቭላር ይልቅ ቀጭንና ቀላል በሆነው በዚህ ክር ሰደርያ ሠርቶ ለፖሊሶች ሸጠ። ቀላል በመሆኑም ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ2003 በፔንስልቬኒያ አንድ ፖሊስ ሰደርያው ሊያቆመው በሚገባ ጥይት ተበስቶ ቆሰለ። ምርመራው ክሩ በሙቀት፣ በእርጥበትና በብርሃን ጥንካሬውን እንደሚያጣ አሳየ። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ዛይሎን ያለበትን ሰደርያ ከተቀባይነት አስወጣ፤ ሴኮንድ ቻንስ ከስሯል፤ የክሩ አምራች ቶዮቦም ለአሜሪካ መንግሥት 66 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የዛይሎን ሰደርያ ያለበት መጋዘን ካለ ዛሬም ዕቃው ያው ነው፤ ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ስሙን ቢያውቅ አይጎዳም።

ኬቭላርም ቢሆን ውሃ ሲጠጣ አቅሙ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጨርቁ ውሃ በማያስገባ ሽፋን ታሽጎ የሚመጣው። ሽፋኑ ከተቀደደ፣ ወይም የደንብ ልብስ ነው ተብሎ በኦሞ ተዘፍዝፎ ከታጠበ ነገሩ ያበቃለታል። የሚታጠበው የላይኛው ማቀፊያ ብቻ ነው፤ ውስጡ ወጥቶ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ሳይታጠፍ ተዘርግቶ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ለስላሳው ሰደርያ በአብዛኛው የሚሰጠው ዋስትና አምስት ዓመት ነው። አገልግሎቱን የጨረሰ ሰደርያ ከሀብታም አገሮች ወደ ሌላ አገር መጓዙ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በርካታ የአሜሪካ ፖሊስ መምሪያዎች ያገለገሉና ጊዜያቸው ያለፈ ሰደርያዎችን ለዩክሬን ለግሰዋል። በጦርነት ውስጥ ላለ ሰው ያ ስጦታ ነው። በሙሉ ዋጋ ለሚገዛ ድርጅት ግን የምርት ቀኑን ሳያይ መክፈል ኪሣራ ነው።

ማን ይክፈል?

በውጭ መደብሮች ለጠመንጃ የሚሆን ሙሉ ሰደርያ እንደ ክብደቱና እንደ ሥሪቱ ከጥቂት መቶ እስከ ከሺህ በላይ ዶላር ይደርሳል። ለስሌት ያህል 600 ዶላር ይያዝ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 34,200 ብር ነበር። ዶላሩ በ130 ብር ሲታሰብ 78,000 ብር ይሆናል። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልተደመሩም።

የወር ደመወዙ በጥቂት ሺህ ብር ለሚቆጠር ጥበቃ ይህ የማይታሰብ ነው። ለቀጣሪው ግን ሒሳቡ ሌላ መልክ አለው። 78,000 ብር ለአምስት ዓመት ሲካፈል በቀን 43 ብር አይሞላም። ሰሌዳው በሰው ቁመት ልክ የሚሰፋ ሳይሆን 25 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ልብና ሳንባን የሚሸፍን በመሆኑ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ሊጋሩት ይችላሉ፤ ለየብቻ የሚያስፈልጋቸው ማቀፊያው ነው። ያኔ ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው 21 ብር ገደማ ይሆናል።

ድሮ ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። «ጋሻ» የሚለው ቃል ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራው መከላከያ ስም ብቻ ሳይሆን የመሬት መለኪያም ነበር፤ አንድ ጋሻ መሬት በልማድ 40 ሄክታር ያህል ይሆናል። ጋሻ አንግቶ የሚዘምተው ሰው ለአገልግሎቱ መሬት ይታሰብለት ነበር። በ1874 ዓ.ም. የሸዋና የጎጃም ጦር በሆሮ ጉዱሩ እምባቦ ላይ ሲገጥሙ ሜዳው ላይ ጋሻም ጠመንጃም ነበር። ቆይቶ ቆዳው በጥይት ተሸነፈ፤ መጻሕፍት «ጥሩር» የሚሉት የደረት ልብስም ከወታደሩ ይልቅ ለስብከት ቀረ። አሁን ጥሩሩ ተመልሶ መጥቷል፤ የሚከፍለው ሰው ግን ገና አልተለየም። ባንኩ ጥበቃውን ከጥበቃ ድርጅት በውል ሲወስድ ድርጅቱ ዋጋ ሰብሮ ጨረታ ለማሸነፍ በመጀመሪያ የሚቀንሰው የዕቃውን ወጪ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ ደረጃው፣ የምርት ዓመቱና ብዛቱ በግልጽ ካልተጻፈ ሰደርያ የሚያቀርበው ድርጅት በዋጋ ይሸነፋል።

ነጋዴውና ሾፌሩስ?

የጥበቃ ሥራ የሌለው ሰው፣ ማለትም ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የቡና ሰብሳቢው ወኪል፣ ሰደርያ ይግዛ ወይ የሚለው ጥያቄ ከበድ ያለ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ ያየ አገር ጥያቄውን እንደ ቅንጦት ሊያየው አይችልም። ለአንድ ሙሉ መንደር ግን የሚሆን ሰደርያ የለም።

ለመንገደኛውም ቢሆን ዕቃው ሁለት ስለት አለው። የታጠቁ ወገኖች በሚፈራረቁበት መንገድ ላይ ወታደራዊ መልክ ያለው ልብስ የለበሰ ሾፌር በአንደኛው ኬላ የሌላው ወገን ሰው ሊባል ይችላል። ፈታሹ ሰደርያ ሲያገኝ የሚቀጥለው ጥያቄው ጠመንጃው የት እንዳለ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ የትጥቅ ጉዳይ ፈቃድን የሚጠይቅ ሆኗል። ሰደርያ ለማስመጣት የሚያስብ ድርጅትም ከሻጩ በፊት ፖሊስንና ጉምሩክን ቢያነጋግር ይበጀዋል፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሸጉጦ ማስገባት ዕቃውንም ዘመዱንም ሊያስይዝ ይችላል።

ሰደርያ ለጠባቂ ብቻ ሳይሆን ለአጥቂም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 2022 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት ላይ አደጋ የጣለው ሰው ሰደርያ ለብሶ ነበር። የመደብሩ ጥበቃ ተኩሶ መታው፤ ጥይቱ ሰደርያውን አላለፈም፤ ጥበቃው ተገደለ። የኒው ዮርክ ግዛት በዚያው ዓመት ከተወሰኑ ሙያዎች ውጪ ላለ ሰው ሰደርያ እንዳይሸጥ ከልክሏል።

ለነጋዴው የሚቀረው ርካሹ መከላከያ የሚዘረፍ ነገር አለመያዝ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ኤም ፔሳ ሲከተለው፣ የሰሊጡንና የቡናውን ሒሳብ ያለ ጆንያ ብር መክፈል የሚቻልበት መንገድ ተከፍቷል። ችግሩ ይህም በኔትወርክ ላይ የቆመ መሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወራት ያህል ሲቋረጥ ንግዱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ከመመለስ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የቡና ወቅት መስመሩ ከተቋረጠ ብሩ እንደገና በሰው ትከሻ ይጓዛል።

በጀቱ ለሰደርያ ካልደረሰ በቅድሚያ ሊገዛ የሚገባው አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። በጦርነት ከሚደርሱ ቁስሎች ግማሽ ያህሉ እጅና እግር ላይ ናቸው፤ ሰሌዳው ደግሞ እነዚህን አይሸፍንም። ከእግር የሚፈስ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል፤ ከኡኬ ነቀምቴ ሆስፒታል ለመድረስ ያለው ዳገት ከዚያ ይረዝማል። ክንድ ወይም ጭን ላይ ጠብቆ የሚታሰረው ደም ማቆሚያ ማሰሪያ በኪስ የሚያዝ ነው፤ ዋጋው የሰደርያው ቁራሽ ነው፤ አጠቃቀሙንም በአንድ ከሰዓት መማር ይቻላል። ሁለት ማሰሪያ በበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ የሠለጠነ ሰው ያለው ቅርንጫፍ፣ ያልተፈተነ ሰደርያ ከገዛው የተሻለ ተዘጋጅቷል።

የባንኮች የበጀት ዓመት የሚጀምረው በሰኔ መጨረሻ ነው። ግዢ ክፍሎች የጥበቃ ዕቃ ዝርዝራቸውን የሚያሰናዱት ከዚያ ቀደም ብለው በግንቦትና በሰኔ ይሆናል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ነቀምቴ ያኔ ክረምት ገብታለች፤ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ምን ይገዛልህ ቢባል በመጀመሪያ የሚጠይቀው የዝናብ ልብሱን ነው።